ቀድሞ የተደፋው እንስራ

አረጋዊው ቀያሽ ቴራሜን ከወሰኑ ድንጋይ ሥር በደረታቸው ተደፍተው የተገኙት ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ነው። ዳኛ ሉክሬስ በበቅሎ ስትደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ነበር፤ ዝናቡም እግር በእግር ተከትሏት መጣ። የፎን-ሲትሮንን ኮረብታ ከግራና ከቀኝ የሚያቅፉት ሁለት ወንዞች ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይፈጅባቸው ሞሉ። የሃይቲ ተራራ ሰው ይህን ያውቃል፤ ወንዝ ከሞላ ዳኛ ነኝ ቢሉትም አያሳልፍም። ጎረቤቱ ሁሉ ለቅዳሜ ገበያ ወርዶ ማዶ ቀርቷል። ኮረብታው ላይ ከሬሳው ጋር የታሰሩት አምስት ሰዎች ናቸው፤ ዳኛዋ፣ አንዲት መበለትና ሦስት ወራሾች።

«እንግዲህ ገዳዩም ከኛ ጋር እራቱን ይበላል ማለት ነው» አለች ዳኛ ሉክሬስ ጫማዋን እያወለቀች።

አጭርና ወፍራም፣ ሆዷን የምትወድ ሴት ናት። ጭቃ በባዶ እግሯ መርገጥ ስለሚያስደስታት የከተማ ሰዎች ይስቁባታል። የሳቁባት ወንጀለኞች ግን ሳቃቸው ብዙ አልቆየም።

ሬሳው ላይ የተከደነውን የሙዝ ቅጠል ገልጣ ቁጢጥ አለች። ሟቹ የተመቱት ከኋላ፣ በብረት ነው። ይዘውት የወጡት የመለኪያ ዘንግ የለም። ጥፍራቸውን በስንጥር ፋቅ ፋቅ አደረገችው።

«አፈሩ ቀይ ነው» አለች ለራሷ። «ጥፍራቸው ውስጥ ያለው ግን ከሰል ነው።»

ኪሳቸው ውስጥ ደግሞ ሰማያዊ አበባ የተሣለበት የሳህን ስባሪ አገኘች። ጠረገችና ጉያዋ ከተተችው።

ፌኔሎን፣ የቤቱ የበኩር ልጅ፣ ከኋላዋ ቆሞ ይቁነጠነጣል። ግንባሩ ላይ የድሮ ጠባሳ አለው፤ ሲናደድ ይቀላል፤ ደግሞ ሁሌም ይናደዳል።

«ክብርት ዳኛ፣ ይሄ ሁሉ ምን ያስፈልጋል? ሴትዮዋን አስረው ይውሰዱልን!»

«የትኛዋን ሴትዮ?»

«የአባቴን ሚስት ነዋ፣ ክሌርሲናን!»

«በምን ልውሰዳቸው? በዋና?» አለች ዳኛዋ። «ይልቅ መሬቱን አስረዳኝ።»

«አባታችን ከሞተ ዓመቱ ነው። ከዚህ ድንጋይ በላይ ያለው የአያታችን መሬት ነው፤ ለሦስታችን ይከፈላል። ከድንጋዩ በታች ያለውን ግን ከሷ ጋር ገዝቶ፣ የራሱን ድርሻም በኑዛዜ ለሷው ተወላት። ቀያሹን ያስመጣኋቸው እኔ ነኝ፤ ዛሬ ለክተው ሊያጸድቁልን ነበር።»

«ምንጩስ?»

«ከድንጋዩ በላይ ነው፤ የኛ ነው። ያለ ውሃ ደግሞ የሷ መሬት ለፍየል እንኳ አይሆንም። ለዚህ ነው የገደለቻቸው!»

«ከሦስታችሁ ምንጩ ለማን ይደርሳል?»

«እሱማ በዛፉ ነው። እትብታችን ሲቀበር በላዩ ዛፍ ተተክሎልናል፤ ዛፍህ ያለበት ያንተ ነው። የኔ ማንጎ አናት ላይ ነው፣ የእህቴ የኢዳሚዝ ብርቱካን ከአባታችን መቃብር ጎን። ከምንጩ ራስጌ ያለው አቮካዶ የቪልኔር ነው፣ የትንሹ ወንድሜ።»

«ሴትዮዋ ገድለዋል ያልክበት ማስረጃህስ?»

«እንስራዋ! ቀያሹ ሁለት ሌሊት ያደሩት እሷ ቤት ነው። ሰው ሲሞት ነፍሱ ተመልሳ እንዳትጠጣ ያደረበት ቤት ውሃ ይደፋል፣ እንስራውም ይገለበጣል፤ እርስዎም ያውቁታል። የሷ እንስራ ግን ሦስት ሰዓት ላይ ተገልብጦ ነበር፤ ሬሳው ሳይገኝ! ኢዳሚዝን ይጠይቋት!»

«አንተ ያን ጊዜ የት ነበርክ?»

«በረንዳዬ ላይ፣ ሴትዮዋን ስጠብቅ። ከንጋት ጀምራ የአባቴን መቃብር ዙሪያ ስታርም ነበር። ወሰን ትነካለች ብዬ ሬሳው እስኪገኝ ዓይኔን አልነቀልኩም።»

«ለአፍታም?»

«ለአፍታም!» አለ ደረቱን ነፍቶ።

ዳኛዋ የተጠበሰ በቆሎ ካለ ብላ ጠየቀች።

ኢዳሚዝ ማዶ ያገባች፣ ምላሷ ስለት የሆነ ሴት ናት። አዲሱ ጸሎት ቤት ከገባች ወዲህ የአባቶቿን ወግ ሁሉ ከንቱ ትለዋለች።

«ከማዶ መጥቼ ሦስት ሰዓት ላይ ውሃ ልጠጣ እትዬ ክሌርሲና ቤት ገባሁ። ቤቱ ኦና፤ እንስራው አፉን መሬት ላይ ደፍቶ ተቀምጧል። ጉሮሮዬ ደርቆ ቀረ እልዎታለሁ!»

«ምን አሰብሽ?»

«ምን አስባለሁ? አጥበውት ነው አልኩ። የሙት ውሃ ምናምን የሚሉት ተረት ለኔ አይገባም። አባቴ የሞተ ለት እንኳ እንስራ አልደፋም ብዬ ከፌኔሎን ጋር ተፈነካክተናል።»

«አዎ፣ ግንባሩ ላይ አይቼዋለሁ» አለች ዳኛዋ በቆሎዋን እየጋጠች።

መበለቲቱ ክሌርሲና ቤታቸው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። የጣታቸው አንጓ ሁሉ አብጧል። የተገለበጠው እንስራ እንዳለ አጠገባቸው ነው።

«እትዬ፣ እንስራውን ማን ደፋው?»

«እኔ።»

«ለምን?»

«እንሽላሊት ገብቶበት። ጠዋት፣ ሳልወጣ።»

ዳኛዋ እንስራውን ልታነሳ ሞከረች፤ ባዶው እንኳ ከበዳት።

«ውሃ ማን ይቀዳልዎታል?»

«ቪልኔር። ከአራት ዓመቱ ጀምሮ ያሳደግኩት ልጅ ነው። ማለዳ ማለዳ ሞልቶልኝ...» አሉና ቃሉ አፋቸው ላይ ቀረ።

«መቃብሩ ጋ ሳሉ ማንን አዩ?»

«ቀና ባልኩ ቁጥር ፌኔሎን በረንዳው ላይ ተጎልቶ ያፈጥብኛል። ያ ሰው ሥራ የለውም?»

ዳኛዋ የሳህኑን ስባሪ አወጣች። አሮጊቷ ሲያዩት ዓይናቸው ተለወጠ።

«የሠርጌ ሳህን ነው። የታችኛውን መሬት ስንገዛ ቴራሜን ሰበሩትና ከከሰል ጋር ከድንጋዩ ሥር ቀበሩት። ድንጋይ የሚያንቀሳቅስ ሰው ምስክሩን ከሥሩ ይረሳል አሉን። ይህን ያየነው እኔና ባሌ ብቻ ነን።»

«እትዬ፣ ከዚህ ቢያስወጡዎት የት ይሄዳሉ?»

«የትም። ዘመዶቼ አልቀዋል፣ ከማህጸኔ አልወለድኩ። ይህ በር ከተዘጋብኝ ሌላ በር የለኝም።»

«ታዲያ ለምን ይዋሹኛል?» አለቻቸው ቀስ ብላ።

አሮጊቷ የተገለበጠውን እንስራ በእጃቸው ከለሉት።

በማግስቱ ጠዋት ዝናቡ ቢያባራም ወንዞቹ እንዳጓሩ ነበሩ። ቁልቁለቱ ቢያዳልጣት ቪልኔር መጥቶ ጀርባውን ሰጥቶ አዘላት። ሬሳውን ያገኘው እሱ ነው፤ ከተማ ድረስ በእግሩ ሮጦ ዳኛዋን የጠራትም እሱ ነው። ትሑት፣ ትከሻው ሰፊ፣ ሰው እንዳይቸገር የሚጨነቅ ጎልማሳ ነው።

«ከበድኩህ?»

«ኧረ እንደ ላባ ነዎት!»

«ትናንት ከተማ ደርሰህ ነበር። እዚያው ብትቀር ከዚህ ሁሉ ጣጣ ታርፍ ነበር። ለምን ተመለስክ?»

«እማዬን ከነሱ ጋር ብቻዋን ትቼ?» አለ ወዲያው።

የወሰኑን ድንጋይ አብረው አነሱት። ከሥሩ ቀይ አፈር ብቻ ነው። ዳኛዋ ሽቅብ ጠቆመችው፤ ምንጩን አለፉ። ውሃው ውስጥ የብረት ዘንግ አየች፤ እሱ ግን ወደዚያ አልዞረም። ከአቮካዶው ሥር ቅጠል የተጎዘጎዘበት፣ በቅርቡ የተቆፈረ አፈር አለ። ከጀርባው ወርዳ በእጇ ጫረችው። ከሰል፤ ከዚያ ሦስት ሰማያዊ አበባ ያላቸው ስባሪዎች ወጡ። ከጉያዋ አራተኛውን አውጥታ ገጠመችው፤ ልክክ አለ። ስትመለስ የተሸካሚዋ ትከሻ ከሥሯ እንደ ጣውላ ደርቆ ነበር።

ሁሉንም መበለቲቱ በረንዳ ላይ ሰበሰበቻቸው።

«ድንጋዩ ተንቀሳቅሷል» ብላ ጀመረች ሳህኑን እየገጣጠመች። «ቀያሹ አንስተው ምስክሮቹን ከሥሩ አጡ። ሽቅብ ሄደው ቆፈሩና አገኟቸው። እውነተኛው ወሰን ከምንጩ በላይ ነው፤ ምንጩም የእትዬ ክሌርሲና ነው። ይህን ሊመሰክሩላቸው የነበሩትን ሰው እሳቸው ለምን ይገድላሉ?»

«እንስራውስ?» አለ ፌኔሎን።

«እንስራውን የደፋ ሰው ቀያሹ መሞታቸውን ሦስት ሰዓት ላይ ያውቅ ነበር። እዚህ ላይ ልክ ነህ። እሳቸው እንዳልደፉት ምስክሩ ግን አንተ ነህ። ከንጋት ጀምሮ ዓይንህን ለአፍታም አልነቀልክም። ሳይወጡ ደፋሁት ቢሉም ሙሉ እንስራ በእነዚያ ጣቶች አይገለበጥም።»

የፌኔሎን ጠባሳ ቀላ።

«እሳቸውም ቀና ባሉ ቁጥር ያዩት አንተን ነው። ሁለት የማይዋደዱ ሰዎች አንዱ ለሌላው ሲመሰክር እኔ አምናለሁ። ኢዳሚዝ ደግሞ ለአባቷ ያልደፋችውን ውሃ ለቀያሽ አትደፋም፤ ብትደፋውም ባልነገረችን።»

ማንም ወደ ቪልኔር መዞር አልፈለገም፤ ሁሉም ግን ዞሩ።

«ድንጋዩ ወደ ታች ሲወርድ ምንጩ የሚደርሰው ለባለ አቮካዶው ነው» አለች ዳኛዋ። ድምጿ ዝቅ አለ። «ገዳይ ቢሸሽ ይገባኛል። ይህኛው ግን ማለዳ ራሱ የሞላውን እንስራ ሮጦ ሄዶ ደፋው። እናቱ የሙት ውሃ እንዳይጠጡ ፈርቶ። እሳቸውም ገብተው ሲያዩት ማን እንደሆነ ገባቸው፤ በእንሽላሊት አሳበቡ።»

ቪልኔር መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ድንጋዩን ያወረድኩት ከስድስት ወር በፊት ነው። ውሃ የሌለው መሬት ይዤ ምን ልሁን? ለሷ እንደሆን ድሮም የምቀዳላት እኔ ነኝ፣ ምን ይጎድልባታል አልኩ። ቀያሹ ስባሪውን አሳዩኝና ለሁሉም እናገራለሁ አሉ። እግራቸው ላይ ወድቄ ለመንኳቸው። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ሄዱ። ዘንጉን እኔ ነበርኩ የያዝኩላቸው።»

«መውረዱን ያኔውኑ አይቼዋለሁ» አሉ ክሌርሲና። «ውሃ የምቀዳበትን ቦታ አላውቅም እንዴ? ዝም ያልኩት ላንተ ይሁን ብዬ ነው። ብትጠይቀኝ እሰጥህ አልነበር፣ አንተ ልጅ!» እንባቸው ባበጡት ጣቶቻቸው መሃል ወረደ።

ዳኛዋ ወሰኑ ወደ ቦታው እንደሚመለስና ቤቱም ምንጩም የመበለቲቱ መሆናቸውን ጽፋ አስፈረመች። ፌኔሎን አንገቱን ደፍቶ ፈረመ። አሮጊቷ ሁሉንም አገኙ፤ ፊታቸውን ላየ ግን ሁሉን የተነጠቁ ይመስላሉ። ቪልኔርን ያሰረው የለም፤ ወንዙ እስኪጎድል የትም አይሄድም፣ እነሱም ከሱ የትም አይሄዱም።

ጥቂት ቆይተው ክሌርሲና ተነሱ። ከቤት ቅል አንስተው ብቻቸውን ወደ ምንጩ ወጡ። ማንም አልተከተላቸውም። ቅሉን በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ አቅፈው፣ ውሃው እየተንጠባጠበባቸው ቁልቁለቱን ሲወርዱ ቪልኔር ለዓመታት እንደለመደው ብድግ ብሎ ሊቀበላቸው እጁን ዘረጋ። ከዚያ ያደረገው ትዝ አለውና እጁን ሰብስቦ ቆመ።

«ምን ትገተራለህ? ና ያዝልኝ» አሉት። «ወንዙ እስኪጎድል ልጄ ነህ።»

ቪልኔር ቤት ገብቶ እንስራውን ቀና አደረገው፤ ቅሉንም ከእጃቸው ተቀብሎ ውሃውን ገለበጠበት።