ቁጥር አርባ አንድ የማን ልጅ ናት?

ሲስተር ውባየሁ ዓርብ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሞታ ተገኘች፤ አዋሽ ላይ፣ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ጀርባ፣ የጥናት ቢሮው ቅጾቹን በሚያስቀምጥበት የብረት ኮንቴነር ውስጥ። በግንቦት ፀሐይ የተዘጋ ኮንቴነር ምን እንደሚሆን የአገሩ ሰው ያውቀዋል። ድመት እንኳ ደፍራ አትገባበትም።

ኢንስፔክተር አስካለማርያም ቅዳሜ በማለዳ ስትደርስ የአለቃዋ ስልክ ቀድሟት ነበር።

«ነፋስ በሩን ዘግቶባት ነው። ካልሆነም ዘበኛው ነው፤ እስከ ማታ እሰሪውና መዝገቡን ዝጊው። ጥናቱ ትልቅ ነው።»

«መጀመሪያ ሬሳዋን ልያት፣ ጌታዬ። ትልቅና ትንሹን ከዚያ በኋላ እንለያለን።»

በሟቿ ኪስ ውስጥ ብጣሽ ወረቀት ነበር፦ «ቁጥር 41። ጀርባዋ ላይ አዲስ ቃጠሎ። ሪፖርት ካደረግሁ 21 ቀኔ። ልጅቷ አሁንም እዚያው ቤት ናት።»

አስካለማርያም ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። የሞተችውን ነፍስ ይማር። ይቺኛዋ ግን በሕይወት አለች፤ ዛሬም እዚያው ቤት ልታድር ነው። ልጅ ያሳደገ ሰው ይህን አንብቦ እህል እንዴት ይወርድለታል?

መረጃውን ኮምፒውተር ላይ የምታስገባው መንበረ ዓይኗ አብጦ ተቀምጣለች።

«አርባ አንድ ማናት፣ የኔ ልጅ?»

«አላውቅም እትዬ። እኛ ጋ ስም የለም፤ ምስጢር እንዲጠበቅ ቤተሰቡ ሁሉ በቁጥር ነው። የስሙ መዝገብ ሰመራ፣ የጥናቱ ኃላፊ ዶክተር ኃይለ ልዑል ጋ ተቆልፎበታል።»

«ምንድነው የምታጠኑት?»

«ግማሾቹ ወላጆች ልጅን ሳይመቱ ማሳደግ ይማራሉ፤ ግማሾቹ ተራ ይጠብቃሉ። ከዓመት በኋላ የየትኞቹ ልጆች እንደተጎዱ ይነጻጸራል። አርባ አንድ ከተማሩት ወገን ናት።»

«ጉዳት ከታየስ?»

«ሲስተር ትጽፋለች፤ ዶክተር በአንድ ቀን ውስጥ ለሚመለከተው ያሳውቃል። ደንቡ ነው። ግን...» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ከተማሩት ወገን አንድም ጉዳት መዝግቤ አላውቅም። ዶክተር በየስብሰባው የሚኮራው በዚህ ነው።»

መንበረና ሾፌሩ ኑረዲን ዓርብ ከማለዳ እስከ ማታ አዳይቱ ከተማ ቤተሰብ ሲጎበኙ ውለዋል፤ የጎበኟቸው ሰዎችም በስልክ ይህንኑ መሰከሩ። የቀሩት ዘበኛው ቻላቸውና ዶክተሩ ናቸው።

«ጋሽ ቻላቸው፣ እርስዎ ሳሉ ሰው እዚህ ገብቶ ይሞታል?»

«እኔ የት ነበርሁና! አራት ሰዓት ተኩል ላይ ዶክተር ደወለ። ‹ከሰመራ በአውቶቡስ ዕቃ ልኬያለሁ፤ መናኸሪያ ጠብቅ› አለኝ። እስከ አሥር ሰዓት ተገተርሁ። ዕቃም የለ፣ ላኪም የለ።»

«ከዚያስ?»

«አሥራ አንድ ላይ ወንበር ላስገባ ኮንቴነሩን ከፈትሁ። መቀርቀሪያው ከውጭ ተወርውሮ ነበር።»

«ነፋስ በር ይገፋል እንጂ አይቀረቅርም። በምን ከፈቱት? በጨርቅ?»

«በባዶ እጄ ነዋ! በዚያ ሰዓት በሩ ጥላ ነው። ረፋድ ላይ ቢሆንማ ማን አብዶ ይነካዋል?»

ዶክተር ኃይለ ልዑል ጥናቱን ከአዲስ አበባ ሆኖ ሲመራ ቆይቶ ሰመራ ከመጣ ሁለት ወሩ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ አየር ማቀዝቀዣ ካለው ቢሮው አይወጣም። አሁን አዋሽ ቢሮ ውስጥ ተቀምጧል፤ ቀኝ መዳፉ በፋሻ ተጠቅልሏል።

«እጅዎን ምን አገኘው?»

«የመኪናዬ ራዲያተር። ሚሌ ላይ ውሃ ልጨምር ስል።»

«አዋሽ መቼ ደረሱ?»

«አሥራ አንድ ሰዓት አልፎ። ሰው ተሰብስቦ ነው የደረስኩት።»

«የአርባ አንድን ስም ይስጡኝ።»

«አይቻልም። የቤተሰቦቹ ምስጢር ነው።»

«ምስጢሩ የሚጠብቀው ልጅቷን ነው፣ አቃጣይዋን?»



አስካለማርያም ኑረዲንን ውጭ አገኘችው። «አንተ ሲስተርን በየቤቱ ታደርሳት ነበር። ታውቃታለህ።»

«ምስጢር ላላወጣ ፈርሜያለሁ፣ ኢንስፔክተር። አራት ነፍስ የሚበላው ከዚህ መሪ ነው» ብሎ አንገቱን ደፋ።

እሷም በርጩማ ወስዳ ወደ ምሥራቅ ከሚያየው የኮንቴነሩ በር ፊት ተቀመጠች። አምስት ሰዓት ላይ መቀርቀሪያውን በጣቷ ጫፍ ብትነካው ዘላ ተነሣች። ስምንት ሰዓት ላይ በሩ በራሱ ጥላ ሥር ገባ። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ብረቱን በመዳፏ ጨብጣ እስከ መቶ ቆጠረች። ከዚያ ሁሉንም ጠራቻቸው።

«ዶክተር፣ ፋሻውን ይፍቱልኝ።»

«በምን ሥልጣንሽ?»

«ልብሴን አያዩትም?»

ፈታው። መዳፉን አቋርጦ የሄደ፣ አውራ ጣት የሚያህል ቀጥ ያለ የቃጠሎ ቁስል ነበር። የራዲያተር እንፋሎት እጅን ሁሉ ይልጣል እንጂ መስመር አያሰምርም። አስካለማርያም መዳፉን ከመቀርቀሪያው ጎን አስጠጋችው፤ ወርዱ ልክክ አለ።

ዶክተሩ እጁን መንጭቆ ሳበ። «እሺ፤ ነክቼዋለሁ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ልረዳት ብዬ...»

«አሁንም አሥራ አንድ ሰዓት ነው» አለች። «በተራ ያዙት።»

መንበረ ያዘችው። ኑረዲን ያዘው። ቻላቸው ይዞት፣ «እንኳን ሰው ቅቤም አያቀልጥ!» አለ።

አስካለማርያም ወደ ዶክተሩ ዞረች። «ይህ ብረት ሰው የሚያቃጥለው ከሰዓት በፊት ነው። የአዋሽ ሰው ያኔ በሽርጡ ጫፍ ነው የሚይዘው። በባዶ እጁ የሚጨብጠው ይህን ፀሐይ የማያውቅ ሰው ብቻ ነው። ዓርብ ረፋድ ሰመራ አልነበርክም። እዚሁ ሆነህ ደወልህ፤ በሌለ ዕቃ ዘበኛውን አራቅህ። ሲስተር አንተ የቀበርኸውን ሪፖርት በራሷ ልታደርስ ነበር፤ ቅጂውን ስትፈልግ ከኋላዋ ቀረቀርህባት።»

«አንድ ሰዓት ብቻ እንድታስብበት ነበር!» ጮኸ። «ደንግጬ ሄድሁ... ስመለስ... አንድ ቅጽ የሁለት ዓመት ሥራ ሊያፈርስ! ይህ ጥናት ስንት ሺህ ልጅ ያድናል!»

«አንዷን አስበልቶ? ሲስተር ጥናቱን አላፈረሰችም፤ አንተ ነህ ያፈረስከው። እውነቱን ብትጽፍ ትምህርቱ የት እንዳልሠራ ታውቁ ነበር። ስሟን ተናገር።»

ዶክተሩ ራሱን በእምቢታ ነቀነቀ። መዝገቡ ሰመራ ነው፤ መንገዱ የሰዓታት ነው፤ ፀሐይዋም ልትጠልቅ ነው።

ኑረዲን የመኪናውን ቁልፍ ዶክተሩ እግር ሥር ወረወረው። «ፊርማው የእኔ ነው፤ ልጅቷ ግን የአላህ አደራ ናት። ከፈለጋችሁ አባሩኝ! መቅደላዊት ትባላለች። ከባቡር ሠራተኞቹ ሰፈር፣ ሰማያዊው በር። ነይ ኢንስፔክተር፣ በእግር ይቀርባል።»

አስካለማርያም ዶክተሩን ለአዋሽ ፖሊሶች አስረክባ ከኑረዲንና ከመንበረ ጋር ሄደች። የመቅደላዊት እንጀራ አባት በሩ ላይ ተገትሮ ጠበቃቸው። «በገዛ ቤቴ! ሥርዓት ባስይዝ ምን አገባችሁ?»

«እጅህን ወደ ኋላ አድርግ» አለች አስካለማርያም፤ ካቴናውን እያወጣች።

መንበረ ግን መልስም ፈቃድም አልጠበቀችም። በክንዱ ሥር ሾልካ ገባች። ስትወጣ የስድስት ዓመቷን ልጅ ከፊቷ ታቅፋ ነበር፤ ጀርባዋን ላለመንካት ከጭኖቿ ሥር ደግፋ። ልጅቷ አላለቀሰችም። ሰውየው ሲጮህ ፊቷን አዙራ ትክ ብላ አየችው፤ ከዚያ በሁለት እጇ የመንበረን አንገት ጭምቅ አድርጋ ያዘች።

«በርቺ፣ አጥብቀሽ ያዢኝ» አለቻት መንበረ፤ «እንሄዳለን።»