የማይሰማው ቶርኖ

ኢንስፔክተር ሽመክት ሬሳ አይቶ መደንገጥ ካቆመ ቆይቷል፤ አሁን የሚሰማው ድካም ብቻ ነው። የዚያን ዕለት ጠዋት ግን የእንጅባራ ጉም ከግቢው ሳይነሳ ወደ አቶ ምህረቴ ቶርኖ ቤት ሲገባ ደጃፉ ላይ ቆም አለ። ወጣቱ ሠራተኛ እንዳልካቸው በማሽኑ ላይ እንደተደፋ ነው። ለብርዱ አንገቱ ላይ የጠመጠመውን ስካርፍ፣ ብረት ነክሶ የሚሽከረከረው የማሽኑ ራስ ጠቅልሎ ጨርሶታል።

«ኧረ በስመ አብ! ገና ልጅ እኮ ነው» አለ ሽመክት።

ማሽኑ አሮጌ ነው። ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ኖሮ እዚህ የደረሰ፣ ከኮምፒውተር በኬብል ትዕዛዝ እየተቀበለ ብረት የሚቀርጽ ሲኤንሲ ቶርኖ። ኮምፒውተሩ ከግድግዳው ማዶ ቢሮ ውስጥ ስለሆነ ማሽኑ ጋ የቆመ ሰው ቢሮ ያለውን አያይም፤ ቢሮ ያለውም ማሽኑን አያይም።

ሽመክት መጀመሪያ ያነጋገረው ሁለተኛውን ሠራተኛ ምንይችልን ነበር። ዓይኑ ደም መስሏል።

«ሰሞኑን አልሰማ ብሎን ነበር» አለ ምንይችል።

«ማን?»

«ማሽኑ ነዋ! ከኮምፒውተሩ ጋር አልግባባ አለ። ስንልክለት አይቀበልም። ኬብሉን ቀየርን፣ መሰኪያውን አጸዳን፣ ወይ ፍንክች!»

«እንዴት ነው የምትሠሩት?»

«አንዱ ማሽኑ ጋ ይቆማል፣ አንዱ ኮምፒውተሩ ጋ ይቀመጣል። ማሽኑ ጋ ያለው ሲዘጋጅ ጮሆ ላክ ይላል፤ ያኛው አንዴ ይልካል። ካልሠራ፣ እንደገና እስኪጠራ ምንም አይነካም። ሕጋችን ነው።»

«ማሽኑ ካልተቀበለ ይጠፋል?»

«የት ይጠፋል! ቆሞ ይጠብቃል። የሞተ ይመስልዎታል እንጂ፣ ትዕዛዝ ሲደርሰው ብድግ ነው የሚለው። መሰኪያው ደግሞ ከጀርባው ነው፤ ለመንካት በላዩ ላይ መደፋት ያስፈልጋል።»

«አንተ የት ነበርክ?»

«ጓሮ ብረት እየቆረጥኩ። በመቁረጫው ጩኸት መብረቅ ቢወርድም አልሰማ።»

ጥበቃው እንየው የእነምንይችል እኩያ የሆነ ወጣት ነው። አፉን የፈታው በአዊኛ ስለሆነ አማርኛውን እየመረጠ ይናገራል።

«እኔ ሳልጨምር ሳልቀንስ ነው የምነግርዎት፣ ኢንስፔክተር» አለ። «ኮምፒውተሩ ጋ የምትሠራው ቤዛዊት ከወጣች በኋላ እንዳልካቸው አንድ ጊዜ ‹ይላኩት!› ብሎ ጮኸ። ከዚያ ዝም። ቆይቶ ማሽኑ ተነሳ፣ ከዚያማ... እሱን ይተዉት።»

«ኬብሉን ነዋ» አለ ምንይችል ጣልቃ ገብቶ። «አዲስ አበባ ያሉት ነጋዴዎች አዲስ ኬብል ይላኩት እያለ በስልክ ሲጨቃጨቅ ነው የከረመው።»

«በበሩ ማን ገባ?» ሽመክት እንየውን ጠየቀው።

«ማንም። የወጣችውም ቤዛዊት ብቻ ናት።»

አቶ ምህረቴን ያገኛቸው እዚያው ግቢ ከሚገኘው ቤታቸው፣ ጋቢ ተከናንበው ነው። እንዳልካቸው የእህታቸው ልጅ ነው። ያሳደጉት፣ ለሙያ ያበቁት እሳቸው ናቸው። እንባቸው ያለማቋረጥ ይወርዳል፤ ሽመክት ብዙ የውሸት እንባ አይቷል፣ ይሄኛው የውሸት አልነበረም።

«ብርድ መትቶኝ ተኝቼ ነበር» አሉት። «ኮምፒውተሩን እንደሆነ እኔ ምኑን አውቄው! የልጆቹ ጉዳይ ነው።»

ሽመክት ወደ ቢሮው ተመለሰ። ከቢሮው ጀርባ ወደ መኖሪያ ቤቱ የሚያስወጣ በር አለ። ኮምፒውተሩ እንደበራ ነው፤ በስክሪኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ግን እንደ ሱቅ ማስታወቂያ ገዝፎ፣ ገሚሱ ከስክሪኑ ውጭ ቀርቷል። ሽመክት ጠጋ ብሎ አየው።

ይሄኔ ነው ቤዛዊት ከከተማ የተመለሰችው። ፕሮግራሙን የምታዘጋጀው እሷ ናት፤ ሽማግሌ ተልኮ ነገሩ ያለቀ የእንዳልካቸው እጮኛም ናት። የሆነውን ስትሰማ አላለቀሰችም። መሬት ላይ ቁጭ አለችና፣ «እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ከመውጣቴ በፊት ላክሁለት፣ አልተቀበለም። ሳላቋርጠው ወጣሁ። ዘግይቶ ደርሶት ነው። እኔ ነኝ፣ እሰሩኝ!»

ያመነ ሰው ምን ይደረጋል? ታሰረች። እንዳልካቸው እሷ በሌለችበት ተቀበረ። እናቱ ወይዘሮ ይታይሽ «ለቅሶዬ ላይ ድርሽ እንዳትል» ብለው ላኩባት። አለቆቹ ደግሞ መዝገቡን ቶሎ ዝጋው እያሉ ሽመክትን ወጥረው ያዙት። እሱም ቢሆን መዝጋት ጠልቶ አልነበረም፤ ሰልችቶታል። ነገር ግን ያ የገዘፈ ጽሑፍ እንቅልፍ ነሳው።

ከቀብሩ ማግስት ወደ ጣቢያው ሄደ። ቤዛዊት ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች።

«ዓይንሽ ደህና ነው?» አላት።

«ደህና ነው። ምነው?»

«ኮምፒውተሩ ላይ ጽሑፉን አሳድገሽ ነው የምትሠሪው?»

«ለምኔ ብዬ?»

«እሺ። የዚያን ቀን ለምን ወጣሽ?»

«የእንዳልካቸው ስልክ መስታወቱ ተሰብሮ ላሠራለት።» ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። «ሲሄድ ሲመጣ ሲነዘንዘኝ ነበር።»

ሽመክት ግንባሩን በመዳፉ መታ። «አይ ሽመክት! ጆሮህ የት ሄዶ ነው?» አለ ለራሱ፤ ከዚያ ቤዛዊትን አስነሳት።

በቶርኖ ቤቱ ሁሉም ተሰበሰቡ። አቶ ምህረቴ በርጩማ ላይ፣ ምንይችልና እንየው ቆመው፣ ቤዛዊት ካጀበቻት ፖሊስ ጎን። ማሽኑ ተሸፍኗል።

«ደክሞኛል፤ አላረዝመውም» አለ ሽመክት። «ምንይችል፣ ኮምፒውተሩ ልኮ ማሽኑ ካልተቀበለው ስንት ሰዓት ይጠብቃል?»

«ሰዓት? ምን ሰዓት አለው! ትንሽ ሞክሮ ስህተት ነው ብሎ ይተወዋል። ዳግም ካልተጫኑት አይልክም።»

ቤዛዊት ቀና አለች። «እርግጠኛ ነህ?»

«በእናቴ! ያኔ ማን ጠየቀኝ?»

«እንግዲያው እሷ ከወጣች በኋላ የተጫነ ሰው አለ» ሽመክት ቀጠለ። «ቀጥሎ ጩኸቱ። እንየው፣ ምን ነበር ያለው?»

«‹ይላኩት!›»

«እኛ በስልክ ስለ ነጋዴዎቹ የሚያወራ መሰለን። ስልኩ ግን ቤዛዊት ጋ ነበር። ስለዚህ የጮኸው ከግድግዳው ማዶ ለተቀመጠ ሰው ነው። ለምንይችል ቢሆን ‹ላከው› ይለው ነበር፤ ለቤዛዊት ‹ላኪው›። ለእንየውም ቢሆን ያው ‹ላከው› ነው። በዚህ ግቢ እንዳልካቸው አንቱ የሚለው ሰው ማነው?»

ሁሉም አውቀውታል፤ ወደ በርጩማው የዞረ ግን የለም።

«ያ ሰው ዓይኑ ደክሞ ጽሑፉን አግዝፏል። የገባውም በበሩ ሳይሆን በቢሮው ጀርባ ነው። እንዳልካቸው አንዴ ጠራ፣ አንዴ ተላከ፣ ማሽኑ አልሰማም። ሕጋችሁን አምኖ፣ ሌላ ሳልጠራ የሚነካ የለም ብሎ፣ መሰኪያውን ሊያይ ተደፋ። ማዶ ያለው ግን ሁለተኛ ጥሪ አልጠበቀም።»

አቶ ምህረቴ ጋቢያቸውን ከራሳቸው ላይ አወረዱ።

«ቤዛዊት ስትወጣ እኔ ልላክልህ ብዬው ተቀመጥኩ፤ ከዚያ ቸኮልኩ» አሉ። «ልጆቹ ፍጥነት የሚሉትን ቁጥር፣ ከማሽኑ ጋር ካልገጠመ አይግባባም ሲሉ እሰማለሁ። እሱን ቀይሬ እንደገና ተጫንኩት። የማሽኑን ድምፅ ስሰማ፣ እሰይ ተሳካልኝ ብዬ እኮ ነው ብድግ ያልኩት!»

«ቢነግሩን ኖሮ አደጋ ነበር» አለ ሽመክት።

«እህቴን በምን ዓይኔ ልያት? ልጅሽን ገደልኩት ልበላት? ይቺ ደግሞ ራሷ እኔ ነኝ አለች...»

«እኔ እንኳ ስላላወቅሁ ነው» አለች ቤዛዊት፤ አልጮኸችም። «እርስዎ እያወቁ እኔን ሲወስዱኝ ቆመው አዩ። በእርስዎ ምክንያት ከልቅሶዬ ተከለከልኩ።»

ፖሊሷ አቶ ምህረቴን እጃቸውን ይዛ አስነሳቻቸው።

ሽመክት ቤዛዊትን በባጃጅ ይዟት ለቅሶ ቤት ሄደ። ድንኳኑ ጢም ብሎ ሞልቷል። እሷ ስትገባ ወይዘሮ ይታይሽ ከፍራሻቸው ላይ ሆነው አፈጠጡባት።

«እጇ የለበትም» አለ ሽመክት። «ፖሊስ ነኝ፣ አጣርቻለሁ። እሷ አይደለችም።»

ወይዘሮ ይታይሽ ትክ ብለው አዩዋት። ከዚያ ፈቀቅ አሉና ፍራሹን በእጃቸው መታ መታ አደረጉ። «ነይ። እዚህ ነው ቦታሽ።»

ቤዛዊት ጉልበታቸው ላይ ተደፋች፤ በሆዷ የከረመው ልቅሶ ያኔ ወጣ። ሴቶቹ ተቀበሏት። ሽመክት ቀስ ብሎ ሊወጣ ሲል ወይዘሮ ይታይሽ የኮቱን ጫፍ ያዙት።

«ማን እንደሆነ አውቀዋላ?»

«አውቄያለሁ።»

«አሁን አይንገሩኝ፣ አደራ። ብቻዬን አልችለውም። ወንድሜ ምህረቴ ሲመጣ አብረን እንሰማዋለን።»

ሽመክት ቆሞ ቀረ። ከዚያ ኮፍያውን አውልቆ አጠገባቸው ፍራሹ ላይ ተቀመጠ።