አንድ ምርኩዝ፣ ሁለት ተናዛዥ

ሳጅን ሴራይና ካዶናው ከሄሊኮፕተሩ ወርዳ ጎንበስ ብላ ስትሮጥ፣ ክላው ቡንዲ ከቋጥኙ ግርጌ በፊቱ እንደ ተደፋ ነበር። ከበላዩ፣ ከሳስ ግሪሽ ማረፊያ ቤት ጓሮ የምትነሳ ቀጭን መንገድ ገደሉን ታክካ ሽቅብ ትወጣለች። ክላው የማረፊያ ቤቱ ጠባቂ ነበር። ሬዲዮው ሞገድ የሚይዘው ከመንገዷ ጫፍ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ በየማለዳው እየወጣ የተራራውን አየር ሁኔታ ለሸለቆው ሰዎች ሲነግር ኖሯል። እዚያች መንገድ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ቢሄድ የማይደናቀፍ ሰው ነው።

ሬዲዮው ደረት ኪሱ ውስጥ እንደ ተቆለፈ ነው። ሸለቆው ዛሬ ከክላው ምንም እንዳልሰማ ሴራይና ከመነሳቷ በፊት ጠይቃለች። እንግዲህ ሰውየው የወደቀው ሲወጣ ነው። የሹራቡ አንገት በአንድ ወገን ተተርትሯል።

«ይኼንንስ አየሽው?» አለ ሬሳውን ያገኘው ፍሉሪን ካፍሊሽ። የተራራ መንገድ መሪ ነው፤ ትከሻው የሰፋ፣ ድምፁ የሞቀ፣ ሰው ቶሎ የሚወደው ዓይነት። ሣሩ ላይ የወደቀ ምርኩዝ በእግሩ ጫፍ አሳያት። «የክላው አይደለም። ክላው በምርኩዝ የሚሄደውን ሁሉ ‘አራት እግር’ እያለ ነበር የሚያሾፈው።»

«የማን ነው ታዲያ?»

«የነዚያ ባልና ሚስት ይመስለኛል፤ የዙምሽታይኖች። እኔ እንግዲህ ሰው አልወነጅልም።»

«መልካም፤ አይወንጅሉ።»

«ኧረ ተይ እባክሽ! እዚህ ከፍታ ላይ ሁላችንም አንተ፣ አንቺ ነው የምንባባለው።»

«እኔ ታች ነው ያደግኩት» አለችና ጓንቷን አጥልቃ ምርኩዙን አነሳች። ጥቂት አገላብጣ አየችው። ከዚያ በፕላስቲክ ጠቅልላ፣ እንደ ዳቦ ብብቷ ሥር ወሽቃ ወደ ማረፊያ ቤቱ ወጣች።

ወጥ ቤት ውስጥ የክላው ሚስት ዑርሲና ካሮት ትከትፋለች። የሚበላ ሰው ኖሮ አይደለም፤ እጇ እንዲቆም ስላልፈለገች ነው። ሴራይና ለእሷ አንቺ አለቻት።

«መቼ ነው የወጣው?»

«ምድጃ ሳቀጣጥል። ቧንቧው በውርጭ ደርቆ ከባልዲ እየቀዳሁ ነበር። ‘ፀሐይ ሲያገኘው ይለቀቃል፣ አትነጫነጪ’ ብሎኝ ወጣ።» ቢላዋው ለአፍታ ቆመ። «የመጨረሻ ቃሉ ስለ ቧንቧ ነው፤ ይገርምሻል።»

«ከዚያስ?»

«ቆየብኝ። በጓሮ በር ወጥቼ ተጣራሁ። ፍሉሪን በመታጠቢያ ቤቱ በኩል ብቅ አለና ልፈልገው ብሎ ሄደ። ትንሽ ቆይቶ እየሮጠ መጣ፤ ከዚያ የራሱን ሬዲዮ ይዞ ከመንገዷ ጫፍ ፖሊስ ጠራ።»

ሴራይና የገብስ ሾርባ ተቀድቶላት ቆማ መጠጣት ጀመረች። ዑርሲና ሳትጠየቅ ቀጠለች።

«እነዚያ ሰዎች እዚህ ድርሽ ማለት አልነበረባቸውም።»

«ለምን?»

«የሰሎሜ እናትና አባት ናቸው። ልጂቱ ከሦስት ዓመት በፊት በጋውን እዚህ አስተናጋጅ ሆና ስትሠራ፣ አንድ ቀን ብቻዋን የበረዶ ግግሩ ላይ ወጥታ ቀረች። ሬሳዋም አልተገኘ። አባትየው ያኔ መጥቶ ክላውን ‘ልጄን ለሞት የላክህ አንተ ነህ’ ብሎ አንገቱን አንቆት ነበር፤ ሰው ነው ያላቀቃቸው። አሁን ደግሞ ለእረፍት በእግራችን እየተጓዝን ነው ብለው ከች! ያለዚህ መንገድ ጠፋ?»

«ክላው ሲያያቸው ምን አለ?»

«እንቅልፍ አልወሰደውም።»

«ለምን?»

«አላውቅም።»

እስካሁን ለእያንዳንዱ ጥያቄ ስታስብ የቆየችው ሴት ይህችን ቶሎ መለሰች። ሴራይና ሳህኗን አስቀምጣ ወጣች።

ሩዲና ሬጉላ ዙምሽታይን በረጅሙ የመመገቢያ ገበታ ሁለት ጫፍ ተቀምጠዋል። እሱ ጡረታ የወጣ ባቡር ነጂ ነው፤ እሷ አበባ ሻጭ ነበረች። ከኮንስታንስ ሐይቅ ተነስተው ተራራ ለተራራ እስከ ኮሞ ሐይቅ ለመድረስ የወጡ ናቸው። መሀላቸው የተዘረጋውን ካርታ ሁለቱም አያዩትም፤ እርስ በርስም አይተያዩም። ሴራይና ወደነሱ ከመሄዷ በፊት መግቢያው ላይ ቆማ የጫማ መደርደሪያውን ዳሰሰች። የሁለቱም ጫማ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ርሷል።

መጀመሪያ ሩዲን ለብቻው ጠራችው።

«ማለዳ የት ነበሩ?»

«አልጋዬ ላይ። ባለቤቴም አጠገቤ ነበረች። ሲጠሩን ነው የነቃነው።»

«ውርጭ ያለበት ሣር የረገጠ ጫማ ግን በራሱ አይሄድም።»

ሩዲ እግሩን ወደ ወንበሩ ሥር ሳበ። ሴራይና የተጠቀለለውን ምርኩዝ አመጣችና ሰማያዊ እጀታውን ብቻ ገልጣ አሳየችው። ፊቱ አመድ መሰለ። በሩን፣ ከበሩ ወዲያ የተቀመጠችውን ሚስቱን አየና፦

«የኔ ነው» አለ። «እኔ ነኝ የገፋሁት። እሷ ተኝታ ነበር፤ ምንም የምታውቀው የለም።»

«ይህንን ይዘው ነው የወጡት?»

«አቀበቱን አይተሽዋል። ጉልበቴ ደግሞ አይረባም። እርምጃ በእርምጃ ተደግፌው ነው የወጣሁት።»

ሬጉላ በተራዋ ስትገባ እስክትጠየቅ አልጠበቀችም።

«ሩዲ ጉንዳን ረግጦ የሚያዝን ሰው ነው። ተዪው።»

«ማለዳ የት ነበር?»

«ተኝቶ። እኔም አጠገቡ። ሲጠሩን ተነስቼ ቧንቧው ስለ ደረቀ በኮዳዬ ውሃ ተጉመጥምጬ ወረድኩ።»

ሴራይና እጀታውን አሳየቻት። ሬጉላ ዓይኗን ጨፈነች፤ ስትገልጠው ቆርጣለች።

«የኔ ነው። በቃ። ሁለታችን በአንድ ቀን ነው የገዛነው፤ ይመሳሰላል። ክላውን እኔ ነኝ የገፋሁት።»

«በዚህ ተደግፈው ወጡ?»

«አዎ። በቁመቴ ልክ አድርጌ።»

«ገባኝ» አለች ሴራይና። የገባት ግን ሬጉላ ያሰበችው አልነበረም።

ፍሉሪን ውጭ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ገመድ ይጠቀልላል።

«እሺ ሳጅን፣ ከሁለቱ የትኛው ተናዘዘ?» አለ በፈገግታ።

«እርስዎ ማለዳ የት ነበሩ?»

«መታጠቢያ ቤት። ጭንቅላቴን ቧንቧው ሥር ደቅኜ ስታጠብ ነው ዑርሲና ስትጣራ የሰማሁት። ውሃው እንዴት ይቀዘቅዛል መሰለሽ! አንጎል ይከፍታል፤ አንቺም ሞክሪው።»

«ሰሎሜን ያውቋት ነበር?»

ገመዱ እጁ ላይ አንድ ዙር ዞረ። «ሁላችንም እናውቃት ነበር። ሳቂታ ልጅ ነበረች። ብቻዋን አትውጪ ተብላ ነበር፤ ወጣት መቼ ይሰማል።»

ከቀትር በኋላ ሴራይና አራቱንም ገበታው ዙሪያ አስቀመጠቻቸው። አብሯት የመጣው ፖሊስ በሩን ተደግፎ ቆመ። ክፍሉ ውስጥ ሰው ከሰው ዓይን ይሸሻል። ዑርሲና ዙምሽታይኖችን ካላየች ግን ዕረፍት የላትም፤ አስተያየቷ የሚያቃጥል ነበር።

«ዛሬ ሁለት ሰው ‘ክላውን እኔ ነኝ የገደልኩት’ ብሎኛል» ብላ ጀመረች ሴራይና። «አቶ ዙምሽታይንና ወይዘሮ ዙምሽታይን።»

ባልና ሚስቱ ካስቀመጠቻቸው ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ተያዩ።

«ሁለታችሁም ዋሽታችኋል። መጀመሪያ ተኝተን ነበር አላችሁ፤ ጫማችሁ ግን ርሷል። ከዚያ ሁለታችሁም እዚህ ምርኩዝ ላይ ተደግፌ ወጣሁ አላችሁ።» ፕላስቲኩን ፈትታ ገበታው ላይ አኖረችው። «ሦስት ቱቦ ነው፤ አንዱ ካንዱ ውስጥ ይገባል። ሲሄዱበት ስበው ያስረዝሙታል፣ ማታ ሰብስበው መግቢያው ላይ ያለው ቅርጫት ውስጥ ይተዉታል። እኔ ከሬሳው አጠገብ ሳነሳው እንደምታዩት ነበር።»

ምርኩዙ ጭብጥ ብሎ፣ ከአንድ ክንድ እምብዛም ሳይረዝም ተጋድሟል።

«ይህንን ተደግፎ አቀበት የሚወጣ ሰው መዳህ አለበት። ምርኩዙ እንዴት እንደ ነበረ አንዳችሁም አላወቃችሁም፤ ምክንያቱም አንዳችሁም እዚያ አልነበራችሁም። ማለዳ ሁለታችሁም ወጥታችኋል፤ ሁለታችሁም የሌላውን አልጋ ባዶ አግኝታችኋል። የት ነበሩ አቶ ሩዲ?»

«ከበረንዳው ፊት፣ ሣሩ ላይ» አለ ድምፁ ሰልሎ። «የበረዶ ግግሩን እያየሁ።»

«እርስዎስ?»

«ከመስቀሉ ዘንድ። ለልጄ ያቆሙላት መስቀል አለ፤ ከማገዶው ክምር ወዲያ።»

«እንግዲህ ምርኩዙን ሌላ ሰው ነው ያመጣው። ያላስረዘመው ልብሱ ሥር ደብቆ ስለያዘው ነው። ተጣልቶ በንዴት ሰው የሚገፋ አለ፤ እንዲህ ዓይነቱ ግን የሌላ ሰው ምርኩዝ ብብቱ ሥር ሸጉጦ አይወጣም። ይህ ታስቦበት የተሠራ ነው።»

ፍሉሪን ሳቅ አለ። «የቀረነው እኔና ዑርሲና ነን። እሷን ልትከሺያት ነው?»

«ዛሬ ጠዋት ዑርሲና ውሃ ከባልዲ ነበር የቀዳችው። ወይዘሮ ሬጉላ በኮዳቸው ውሃ ነው አፋቸውን የተጉመጠመጡት። ጠዋት እዚህ ቧንቧ የከፈተ ሰው ሁሉ መድረቁን ያውቃል። እርስዎ ግን ቧንቧው ሥር ጭንቅላትዎን ሲታጠቡ እንደ ነበር ነገሩኝ፤ ውሃው አንጎል እንደሚከፍትም ጭምር።»

ዑርሲና ቀስ ብላ አንገቷን ወደ ፍሉሪን አዞረች። «ፀሐይ እስኪያገኘው ጠብ አላለም» አለች።

«ያደረ ውሃ ነበር፤ ትንሽ…»

«አልነበረም። እኔው ራሴ የመታጠቢያ ቤቱንም ቧንቧ ከፍቼ እንደ ደረቀ አይቻለሁ» አለች ዑርሲና።

«ምክንያቱን እኔ አላውቅም» አለች ሴራይና፤ አሁን የምታናግረው ዑርሲናን ብቻ ነበር። «አንቺ ግን ታውቂዋለሽ። ምርኩዙ የተቀመጠው ለእኔ አይደለም ዑርሲና፤ ለአንቺ ነው። ባሌን የገደሉት እነዚህ ናቸው ብለሽ ካመንሽ ለነሱ አንድ ቃል እንደማትተነፍሺ ሰውየው ያውቃል። ክላው እንቅልፍ ያጣው ለምንድን ነው?»

 ዑርሲና ሽርጧን በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘች።

«ልነግራቸው ነው አለኝ» አለች በመጨረሻ። «ልጅቱ ብቻዋን አልወጣችም። ፍሉሪን ነው ይዟት የወጣው። ገመድ ሳያስራት! ልታይ ልታይ እያለ፣ ሊያስደንቃት። ብቻውን ተመልሶ መጥቶ እዚሁ ወለል ላይ ተንበርክኮ ‘የመሪነት ፈቃዴን ይነጥቁኛል፣ አለቀልኝ’ ብሎ አለቀሰ። ክላው አብሮ አደጉ ነው፤ አዘነለትና ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። የሰው ወላጅ ሦስት ዓመት ሙሉ ባሌን ሲረግም እያወቅኩ።» ወደ ሬጉላ ዞረች፤ ዓይኗን ማንሳት ግን አቃታት። «ክላው ትናንት ሲያያችሁ አልቻለም። ለፍሉሪንም ‘ጠዋት እነግራቸዋለሁ፣ ተዘጋጅ’ ብሎታል።»

ፍሉሪን ተነሳ። በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ አንድ እርምጃ ቀረበ። ፍሉሪን ሁሉንም በየተራ አየና፣ የሚያባብለው ፊት ሲያጣ ተመልሶ ተቀመጠ። ያ የሞቀ ድምፁ ወዴት እንደ ሄደ እንጃ።

«እንዲተወው ለምኜው ነበር» አለ። «አንገቱን ይዤ ለመንኩት። እምቢ አለ።»

«ምርኩዙ ብብትዎ ሥር እያለ ነው የለመኑት» አለች ሴራይና።

ከዚያ በኋላ የተናገረው ሩዲ ነበር፤ የጠየቀው ስለ ክላው አልነበረም።

«የት ነው ያለችው?»

ፍሉሪን ወለሉን እያየ መለሰ። «ከጥቁሩ ድንጋይ በስተቀኝ፣ ሁለተኛው የበረዶ ስንጥቅ። ጠራኋት። ብዙ ጠራኋት።»

«ትመልስልህ ነበር?» አለች ሬጉላ።

ፍሉሪን ሁለት እጁን ለፖሊሱ ዘረጋ። ፖሊሱ እጁን አስሮ ይዞት ወጣ።

ሄሊኮፕተሩ እስኪመለስ ሴራይና በረንዳው ላይ ቆመች። ባልና ሚስቱ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል፤ መሀላቸው የጀርባ ሻንጣ አለ። መስማት ባትፈልግም ቃላቸው ይደርሳታል።

«ሰው ገፍታ ትጥላለች ብለህ አሰብክ? እኔን?»

«አንቺስ?»

«እኔ ያኔ ክላውን ሲያንቅ ያየሁትን ሰው ነው ያሰብኩት።» ወደ እሱ ዞረች። «አንተስ በምን ጠረጠርከኝ?»

«ከቀረች ጀምሮ ስሟን አንድ ቀን ጠርተሽ አታውቂም። ምን አምቀሽ እንደያዝሽ በምን ልወቅ?»

«አንተም አልጠራህም።»

«አንቺን እንዳላስለቅስ ብዬ።»

«ሞኝ!» አለች ሬጉላ። ድምፏ ተሰበረ። «እኔም እኮ ላንተ ብዬ ነው።»

ሩዲ ሻንጣውን አንስቶ መሬት አወረደና ተጠጋት።  ሴራይና ከኋላቸው ጉሮሮዋን ጠራረገች።

«ሄሊኮፕተሩ ላይ ቦታ አለ። ሸለቆ ላደርሳችሁ እችላለሁ።»

ሬጉላ ራሷን ነቀነቀች። «ነገ የነፍስ አድን ሰዎች ስንጥቁ ጋ ይወርዳሉ ብለሽኛል። እስኪያወጧት እዚሁ ነን።»

«ቀናት ሊፈጅ ይችላል። ላይገኝም ይችላል።»

«እንጠብቃለን» አለ ሩዲ። «ሰሎሜ ድሮም መዘግየት ትወድ ነበር።»

ሬጉላ ስሙን ስትሰማ መጀመሪያ አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ፣ እንባዋ እየወረደ፣ ሳቀች። «ባቡር እንኳ ያመልጣት ነበር» አለች። «አባቷ የሚነዳው ባቡር!»