ሁለት ኪሎ ከረጢት

እኔ ኒልዛ አርባ ስምንት ኪሎ ነኝ፤ ፍቅረኛዬ ኤቫንድሮ ስልሳ ሁለት። በብራዚሏ ኢልሃቤላ ደሴት ላይ ከእኛ የቀለለ የጀልባ ተወዳዳሪ ጥንድ አልነበረም። «ነፋስ ከወሰዳችሁ ደብዳቤ ጻፉልን!» እያሉ ዓሣ አጥማጆቹ ያሾፉብን ነበር።

ካታማራን የምትባለውን ባለ መንታ ቀፎ የሸራ ጀልባ ልንገዛ የወጣን ቀን ሁለት አገኘን። የአንዷ ምሰሶ አጭር፣ ሸራዋም ትንሽ ነው። የሌላዋ ምሰሶ ግን ሲያዩት አንገት ያሳምማል።

«ትንሿ ናት የእኛ ልክ» አልኩት።

«ፈሪ! በእሷ ማን ያሸንፋል? ካሸነፍን እኮ በበጋው እንጋባለን» ብሎ ሳቀ።

ሲስቅ ጉንጩ ይሰረጎዳል። እኔ ሞኟ ያን ጉንጭ እያየሁ እሺ አልኩ። ትልቋን ገዛን።

ቀላል ሰው የተገለበጠች ካታማራን ማቃናት ይከብደዋል። ስለዚህ ከአሮጌ ሸራ ከረጢት ሰፋሁ። ጀልባዋ ስትገለበጥ ውሃ ሞልተው፣ ለማቃናት ገመድ የሚጎትተው ሰው ጀርባ ላይ ካንጠለጠሏት እንደ ሦስተኛ ሰው ትጎትታለች።

የውድድሩ ዕለት ጠዋት ኤቫንድሮ ከረጢቷን አሸዋው ላይ ወረወራት። «ባዶዋን እንኳ ሁለት ኪሎ ናት፣ የኔ ቆንጆ! ለምን እንሸከማት?»

መሪው በእሱ፣ የሸራው ገመድ በእኔ እጅ ነበር። ውድድሩን እየመራን ሳለ የደቡብ ነፋስ ድንገት መጣ፤ የጀልባዋ አንድ ጎን ከውሃው ተነሳ። ገመዱን ከለቀቁት ሸራው ነፋሱን ይተፋል፤ ጀልባዋም ትረጋለች።

«ልልቀቀው?»

«ያዢ! አንደኛ ነን! ያዢ ብያለሁ!»

ያዝኩ። ተገለበጥን።

ሁለታችንም ገመድ ላይ ተንጠልጥለን ብንጎትት፣ ብንጎትት፣ ወይ ፍንክች! ሌሎቹ አንድ በአንድ አለፉን። በመጨረሻ የዓሣ አጥማጆች ጀልባ ጎትታ አወጣችን።

«ኒልዛ፣ ከበድ ያለ ሰው ነው የሚያስፈልገኝ» አለኝ ሸሚዙን እየጨመቀ።

«ለጀልባዋ ነው ለአንተ?»

የጨመቀውን ሸሚዝ ደግሞ ጨመቀው።

በዓመቱ ሮዛንጄላን አገባ። ሰባ አምስት ኪሎ ናት። አብረው ዋንጫ በሉ፤ እኔም ከሰው ጋር ቆሜ አጨበጨብኩ።

ባለፈው ሳምንት፣ ከስድስት ዓመት በኋላ፣ ኤቫንድሮ ሸራ የምሰፋበት ቤት መጣ።

«ሮዛንጄላ ነፍሰ ጡር ናት። ከታናሽ እህቷ ጋር ተጣምሬ ልወዳደር ነው፤ ሃምሳ ኪሎ አትሞላም። ያቺ ከረጢት አለችሽ?»

አለችኝ። ያን ጊዜ ከአሸዋው አንስቼ አልጋዬ ሥር አስቀምጫት ነበር። ዳግም እንዳይጥላት ብዬ በውድድሩ ዕለት ባሕሩ ዳር ወርጄ በገዛ እጄ ጀልባዋ ላይ አሰርኳት። የሸራውን ገመድ የምትይዘው ልጅቷ ናት። እሱ የሚለውን ሁሉ እንደ ወንጌል ትሰማለች። ወደ ጆሮዋ ጠጋ አልኩ።

«ነፋሱ ሲመጣ ያዢ ይልሻል። አንቺ ልቀቂው።»

«ይቆጣል እኮ!» አለችኝ።

«ይቆጣ፣ እህቴ። እኔ ይዤ ነው ያጣሁት።»