አንድ ሊትር ተኩል

«ሦስት ጉንጭ» አሉ አያቷ።

«አንድ።»

«ሁለት አድርጊውና እንለያይ።»

«አባባ፣ ገና ዘጠኝ ሰዓት ነው። ለማታ ምን ሊተርፍዎት ነው?»

አያቷ ጠርሙሱን በዓይናቸው ለኩት። አንድ ሊትር ተኩል የሚይዝ ፕላስቲክ ነው። እናቷ ጠዋት ወደ ዳቦ ፋብሪካው ከመሄዷ በፊት እስከ አፉ ሞልታ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጠዋለች፤ አያቷ በቀን የሚጠጡት ነገር ሁሉ ከዚያ ይወጣል። ሻይ ከተፈላ ከዚያ፣ ሾርባ ከተሠራ ከዚያ፣ ኪኒን ከተዋጠም ከዚያ። ከሦስት ወር በፊት ከሆስፒታል ሲወጡ ዶክተሯ ያዘዘችው እንዲህ ነበር። ልባቸው ደክሟል፤ ከዚህ በላይ ፈሳሽ አይችልም።

ከትምህርት ቤት መልስ ጥበቃው የልጅቷ ነው። እናቷ ቆማ ዳቦ ስታሽግ ውላ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ትመጣለች፤ እስከዚያ ድረስ በየሩብ ሰዓቱ ድርድር ነው። አያቷ ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ። በየኬላው ሲከራከሩ የኖሩ ሰው በአንድ ጉንጭ ውሃ መከራከር አያቅታቸውም። ስምም አውጥተውላታል፤ ትራፊኳ።

«መኪና ላለማቆም ብዬ ሠላሳ ዓመት ሳልጠጣ ነዳሁ» አሉ አንዷን ጉንጭ ካጣጣሙ በኋላ። «አሁን የምቆምበት ጊዜ ሳገኝ ደግሞ ትራፊክ ቤቴ ድረስ መጣብኝ።»

በመጀመሪያው ወር ያስቃት ነበር። አሁን አንገቷን ሳታነሳ መጽሐፏን ገለጠች። ያንኑ አንቀጽ ለአራተኛ ጊዜ ጀመረችው።

በማግስቱ፣ ሐሙስ፣ የባዮሎጂ አስተማሪያቸው ስለ ሰውነት ፈሳሽ አስተማረ። አዋቂ ሰው በቀን ከሁለት እስከ ሁለት ሊትር ተኩል ውሃ ያስፈልገዋል፣ የተወሰነው ከምግብ ይገኛል፣ ሙቀትና የጉልበት ሥራ ሲበዛ ይጨምራል አለ። ፈተና ላይ እንደሚመጣም ስለተናገረ ክፍሉ ሁሉ ጻፈ። እሷ ቁጥሩን ጽፋ ከሥሩ ሁለቴ አሰመረችበት። የአያቷ የተሰነጠቀ ከንፈር ታወሳት፤ ሲያወሩ ምላሳቸው ላንቃቸው ላይ ተጣብቆ ሲላቀቅ የሚሰማው ድምፅም። ዶክተሯ ያን ትእዛዝ የሰጠችው ከሆስፒታል ለወጡበት ሰሞን ቢሆንስ? እናቷ ሳትጠይቅ ለዘላለም አድርጋው ከሆነስ? እናቷ የታዘዘችውን ሳትጠይቅ የምትሠራ ሰው ነች።

የዚያን ቀን ከሰዓት ጠርሙሱ ሲጎድል ከቧንቧ ሞላችው። አያቷ አዩ። ጠጡና ተኙ። ቤቱ ጸጥ አለ። ሁለት ምዕራፍ ጨረሰች።

እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ በማግስቱ የሞላችው ለአያቷ ብላ ብቻ አልነበረም። ጸጥታውም ጥሟት ነው።

ስምንት ቀን ሞላች። መሃል ላይ ያለውን እሑድ ብቻ፣ እናቷ ቤት ስለዋለች፣ ዘለለችው። በስድስተኛው ቀን የካልሲያቸው ላስቲክ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ጥልቅ መስመር ትቶ ተገኘ። በሰባተኛው ጫማቸው እምቢ አለ። ማታ ሁለተኛ ትራስ ጠየቁ፣ ከዚያ ሦስተኛ። መጸዳጃ ቤት ደርሰው ሲመለሱ ግድግዳ ተደግፈው ይቆማሉ። እናቷ ከሥራ ስትገባ መጀመሪያ የምታነሳው ጠርሙሱን ነው። «ልክ ነው እኮ» ትላለች እያገላበጠች። «ልክ ነው። ታዲያ ምን ሆኑ?»

ልጅቷ ጨው ይሆናል ብላ አሰበች። ኪኒኑ ይሆናል። ስምንተኛው ቀን ላይ ላለመሙላት ወስና ነበር፤ አያቷ ግን ባዶውን ጠርሙስ ያለ ምንም ቃል ዘረጉላት። ለመከራከር አቅም አልነበራትም። ሞላችው።

ቅዳሜ ጠዋት እናቷ ፈቃድ ጠይቃ ሁለቱ ደግፈው ክሊኒክ ወሰዷቸው። ሚዛን ላይ ቆሙ፤ አራት ኪሎ ጨምረዋል። ዶክተሯ ቁርጭምጭሚታቸውን በአውራ ጣቷ ተጫነች። ጣቷን ስታነሳ ጉድጓዱ እንዳለ ቀረ።

ስለሚጠጡት ውሃ ጠየቀች። እናቷ ጠርሙሱን ከቦርሳዋ አውጥታ አሳየቻትና ከዚህ ጠብታ አላለፉም ብላ ማለች። እንግዲያው ኪኒኑ እየሠራ አይደለም፣ እጥፍ እናድርገው አለች ዶክተሯ፤ ኩላሊታቸውን ሊጎዳ ይችላል፣ ግን ሌላ ምርጫ አይታየኝም። ብዕሯን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች።

ልጅቷ አፏን ከፈተች።

«ከቧንቧ እየጠጣሁ ነው» አሉ አያቷ።

እናቷ ዞራ አየቻቸው።

«ቤቱ ባዶ ሲሆን» አሉ። «በኩባያ። በየቀኑ።»

እናቷ ጠርሙሱን ቀስ ብላ ወደ ቦርሳዋ መለሰችው። ዶክተሯ ወረቀቱን ቀድዳ ጣለችና ገሠጸቻቸው። የደከመ ልብ ውሃውን ገፍቶ አያስወጣውም፤ ውሃው እግር ላይ፣ ብሎም ሳንባ ላይ ይተኛል። እንዲህ ቢቀጥሉ ተኝተው መተንፈስ ያቅታቸው ነበር።

«ሰው በቀን ሁለት ሊትር መጠጣት አለበት የሚባለውን ሰምተው ይሆናል» አለች። «እሱ ለጤነኛ ሰው ነው። የእርስዎ ልክ ይሄ ነው።»

ለጤነኛ ሰው። አስተማሪው ይህንንም ብሎ ነበር። ልጅቷ ያኔ ቁጥሩን እያሰመረችበት ነበር።

መርፌ ተወጉ፤ ኪኒኑ እንደነበረ ይቀጥል፣ ከአራት ቀን በኋላ ተመለሱ ተባሉ።

ቤት እንደገቡ እናቷ መሳቢያውን በርብራ የበር ማንጠልጠያና ጓጉንቸር ቁልፍ አወጣች። ቧንቧው ያለው ወጥ ቤት ነው። ከሰኞ ጀምሮ ጠዋት ትቆልፈዋለች፤ ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ትከፍተዋለች።

«በአባቴ ላይ እንደ ሕፃን ልቆልፍባቸው ነው» አለች ለማንም ሳይሆን። «ምን አባቴ ላድርግ?»

ልጅቷ ወደ አያቷ ክፍል ገባች። ሦስቱን ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል።

«ለምን ዋሹ?»

«መንገድ ላይ ረዳት ሲያጠፋ የሚጠየቀው ማን ነው? ሹፌሩ ነው።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ደግሞ መሪውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። የሞላሽው አንቺ፣ የጠጣሁት እኔ። እንደማይሆን አውቃለሁ። ግን ጣፈጠኝ።»

«እማ ወጥ ቤቱን ልትቆልፍ ነው።»

«ትቆልፍ። ሰኞ ፈተና የለሽም? ሂጂ አጥኚ።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከወዲያ በኩል መዶሻ መምታት ጀመረ።

ሄዳ ማጥናት ትችላለች። ዝም ብትል የሚጎድልባት የለም፤ እንዲያውም አያቷ ከእንግዲህ ብዙ አይከራከሩም፣ ቤቱም ጸጥ ይላል። ቧንቧው ከአልጋቸው አሥር እርምጃ አይርቅም። ሦስት ወር ሙሉ ብቻቸውን ሲያረፍዱ ማንም አላያቸውም። ቢሆንም በአንዲት ጉንጭ ከእሷ ጋር ሲጨቃጨቁ ኖሩ እንጂ ተነስተው ከፍተውት አያውቁም። ይህን የምታውቀው እሷ ብቻ ነች። እናቷ ከሰኞ ጀምሮ በአባቷ ላይ እንደ ሌባ እየቆለፈችባቸው ልትወጣ ነው።

እናቷ ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም። ሁለት ምስማር በከንፈሯ ይዛ ሦስተኛውን ትመታለች፤ ምስማሩ ተጣሟል።

«መዶሻውን ስጪኝ» አለች ልጅቷ።

እናቷ የምታግዛት መስሏት ሰጠቻት። ልጅቷ መዶሻውን ወለሉ ላይ አስቀመጠችው።

«ቁጭ በይ፣ እማ። መጀመሪያ ቁጭ በይ።»

እናቷ ምስማሮቹን ከአፏ አወጣች። ለምን ብላ ለመጠየቅ እንኳ ጉልበት ያላት አትመስልም፤ በሩን ተደግፋ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ልጅቷም ጎኗ ተቀመጠችና ከሐሙሱ የባዮሎጂ ትምህርት ጀምራ ነገረቻት።