አሥራ አንድ ዓመት የሚፈጅ ዲግሪ

ዶክተር ኃይለመለኮት ስብሰባ አርፍደው አያውቁም። የዚያን ዕለት ግን ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ከቀን እንቅልፋቸው አልነቁም፤ ዳግመኛም የሚነቁ አይደሉም።

ያገኘቻቸው የእንግዳ ማረፊያው ኃላፊ ጵርስቅላ ናት። የስብሰባውን አጀንዳ ከፖስታው አውጥታ በየወንበሩ ፊት ስታኖር አንድ ወረቀት አጠራት። ለመጠየቅ የሊቀመንበሩን፣ የዶክተሩን በር አንኳኳች። ዝም ሲላት ገፋ አደረገችው፤ የታፈነ ሙቀት ፊቷን መታት። ዶክተሩ አልጋቸው ላይ እንደተጋደሙ ናቸው፤ ፊታቸው ጠጅ እንደጠገበ ሰው ቀልቷል። እግራቸው ሥር የእሷው የከሰል ምድጃ አመድ ለብሶ ተቀምጧል።

ሁለት ፖሊሶች መጡና «ምድጃው የማነው?» አሉ። «የእኔ» አለች። በእነሱ ቤት ምርመራው አለቀ። የመቶ አለቃው እስኪመጣ ድረስ የገዛ ሽንኩርት መጋዘኗ ውስጥ ቆለፉባት።

ጨለማው ውስጥ ቁጭ ብላ፣ «በዚህ ቤት ያልተቆለፈበት ማን አለ?» ስትል አሰበች። ከሦስት ሳምንት በፊት አራት ሰዎች ከአዲስ አበባ በአንድ ላንድሮቨር መጥተው ነበር። ሥራቸው «ሁለገብ የምህንድስና ዲግሪ» መንደፍ ነው፤ ግንብ የሚገነባ፣ ሞተር የሚፈታ፣ ውሃ የሚጠልፍ፣ ሁሉንም በአንድ ራስ የያዘ ምሩቅ እንዲወጣ። ሁከት የሌለበት ቦታ ተብሎ ሆሳዕና ተመረጠች። ሁከቱን ግን ይዘውት መጡ። ማንም ከገዛ ሙያው አንዲት ኮርስ አልቀንስም ስላለ፣ ሲደመር ተማሪው የሚመረቀው በአሥራ አንደኛው ዓመት ሆነ። ዶክተሩ ይህን ሲያዩ የመኪናውን ቁልፍ ኪሳቸው ከተቱ። «ሰነዱ ሳይፈረም ከሆሳዕና የሚወጣ የለም!» አሉ። የቀረውን መንገድ የሐምሌ ዝናብ ዘጋው።

የመጋዘኑ በር ተከፈተ። አሮጌ ጥላ የያዘ አጭር ሰው ብቅ አለና በሐዲይኛ፣ «በሽንኩርቱ ነው በእኛ የምታለቅሺው?» አላት። የመቶ አለቃ ሽብሩ ነው።

«በሁለቱም።»

«ምድጃውን ማን አዘዘሽ?»

«አቶ አክሊሉ፣ ጸሐፊያቸው። ‹የሊቀመንበሩ ካልሲ ርሷል፣ ኮሪደር ላይ አቀጣጥይልን› አሉኝ፤ ኮሪደር ላይ ትቼው ዕቃ ላጥብ ሄድኩ። ክፍላቸውማ እንዴት አስገባለሁ? የመጡ ዕለት ‹ከሰል ራሴን ያመኛል› ብለው አስወጥተውኛል!»

«ስለዚህ ከተኙ በኋላ ነው የገባው» አለ ሽብሩ። «ነይ፣ ቤትሽን አሳዪኝ።»

የሟቹ መስኮት ዙሪያው በወረቀትና በጭቃ ተደፍኗል። ከአራቱ እንግዶች አንዱ፣ የሕንፃ መሐንዲሱ ዳኘ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ «እኔ ነኝ የደፈንኩት፣ ዛሬ ጠዋት» አለ። «ነፋስ አስቸገራቸው ተብዬ። የተጣራ ሥራ ነው፤ ይንኩት!»

«ሰው ይታፈናል አላሉም?»

«ከሰል የእኔ ሙያ አይደለም።»

ጣራው ላይ ያለው የአየር ማስወጫ ክዳንም በሽቦ ተጠፍሮ ታስሯል። ሌላው እንግዳ፣ የማሽን መሐንዲሱ ወልደኪዳን፣ «ሲንቋቋ እንቅልፍ ነሳቸው ተባልኩ፤ ረፋድ ላይ ወጥቼ አሰርኩት» አለ።

«አየሩስ በየት ይግባ?»

«በመስኮት ነዋ! መስኮት ደግሞ የዳኘ ነው።»

«ማነው እንዲህ አድርጉ ያላችሁ?»

«ሊቀመንበሩ» አሉ ሁለቱም። «አክሊሉን ልከው።»

አክሊሉ ከሲታ፣ ትሑት፣ እርሳስ ከጆሮው የማይለይ ሰው ነው። «እኔ ጆሮና እጅ ብቻ ነኝ፣ ጌታዬ» አለ። «ያሉኝን አደርሳለሁ። ብለዋል አላሉም፣ እንግዲህ እሳቸውን ይጠይቁ።»

ጵርስቅላ ነገሩን በልቧ ደመረችው። ላኪው ሞቷል፣ ምድጃው የእሷ ነው፤ ነገሩ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው አንገቷ ላይ ነው።

«ቆዪ» አላት ሽብሩ ቀስ ብሎ፣ «በራቸውን ለምን አንኳኳሽ?»

«ወረቀት ስለጎደለኝ።»

ሽብሩ ጥላውን ዘቅዝቆ እንደያዘ ባለበት ቆመ። «እስቲ ድገሚልኝ።»

ደገመችለት። ክፍሎቹን ፈትሾ ሲያበቃ ሁሉንም ወደ ስብሰባው አዳራሽ ጠራ። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ይወርዳል፤ ሰዎቹ በየለመዱት ወንበር ተቀመጡ፤ የራስጌው ባዶ ነው።

«ጵርስቅላ፣ ለስብሰባ ስንት ቅጂ ታድያለሽ?»

«ሦስት። ለሊቀመንበሩ፣ ለኢንጂነር ዳኘ፣ ለኢንጂነር ወልደኪዳን።»

«ዛሬስ?»

«ሁለት።»

«መቼ ተቀበልሽ?»

«ስድስት ሰዓት ላይ፣ ከምሳ በፊት። አቶ አክሊሉ በታሸገ ፖስታ ሰጡኝ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው የከፈትኩት።»

አክሊሉ ፈገግ አለ። «የማባዣ ካርቦን ወረቀት አልቆብኝ ነው።»

ሽብሩ ያልተነካ የካርቦን ፓኮ ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገ። «ከእርስዎ መሳቢያ። ዶክተሩ ስድስት ሰዓት ላይ በሕይወት ነበሩ፤ ከዚያ በኋላም ምሳ በልተዋል። እርስዎ ግን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወረቀት የሚያነቡት ሁለት ሰዎች ብቻ እንደሆኑ ያን ጊዜ ያውቁ ነበር። ጥሩ ጸሐፊ ለሞተ ሰው ወረቀት አያባክንም።»

«ለምን ብዬ እገድላቸዋለሁ?»

ሽብሩ ከሟቹ ቦርሳ ያገኘውን ወፍራም ጥራዝ አወጣ። «ሙሉ ሥርዓተ ትምህርት፣ በእርስዎ የእጅ ጽሕፈት። ሽፋኑ ላይ ስምዎ ተሰርዞ የዶክተሩ ገብቷል። ሦስት ሳምንት እነዚህ ሲጨቃጨቁ ያዳመጠ አንድ ሰው ብቻ ነበር። መስኮት የደፈነው መስኮት ብቻ አየ፤ ክዳን ያሰረው ክዳን ብቻ። ይህች ሴት እሳት አነደደች። ሦስቱን የሚያገጣጥም ራስ በዚህ ቤት የነበረው አንድ ነው። የዲግሪው የመጀመሪያ ምሩቅ እርስዎ ነዎት፣ አቶ አክሊሉ። ምድጃውንም ከኮሪደር አንሥተው ያስገቡት እርስዎ።»

አክሊሉ እርሳሱን ከጆሮው አውርዶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«በአራት ዓመት ያልቃል» አለ። «አንድም ኮርስ ሳይጎድል፣ በአራት ዓመት። ስሜን የሰረዙት ደግሞ በገዛ እስክሪብቶዬ ነው። አውሰኝ አሉኝ፤ አዋስኳቸው።»

ወልደኪዳን አጎንብሶ ጥራዙን ገለጠና፣ «የማሽን ኮርሶች አንሰዋል» አለ።

ፖሊሶቹ አክሊሉን ይዘውት ሲወጡ ሽብሩ የመጋዘኑን ቁልፍ ለጵርስቅላ መለሰላት። ዳኘ ብድግ አለ። «እንግዲያው የላንድሮቨሩን ቁልፍ ለእኛ ይስጡና እንሂድ!»

«እሱ ኤግዚቢት ነው። ዐቃቤ ሕግ መጥቶ ቃላችሁን እስኪቀበል ከሆሳዕና የሚወጣ የለም።»

«መቼ ነው የሚመጣው?»

ሽብሩ ጥላውን ዘርግቶ ዝናቡን አየና ወጣ።

ጵርስቅላ ግን ወጥ ቤት ገብታ ቢላዋ አመጣች። የሟቹ ክፍል ገብታ መስኮቱ ላይ የተመረገውን ጭቃ መፈልፈል ጀመረች። ከኋላዋ ዳኘ «ኧረ ሥራዬን! ሥራዬን!» እያለ ይጮሃል። እውነትም የተጣራ ሥራ ነበር፤ እስኪላቀቅ ድረስ ላብ አጠመቃት። በመጨረሻ መስኮቱ ተንቋቅቶ ተከፈተ። ዝናቡ እያረጠባት፣ ራሷን ወደ ውጭ አውጥታ ረጅም ትንፋሽ ሳበች።