ጨው ያቃጠላቸው ቅጠሎች

ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው። እኔ የምጽፍላችሁ በዓይኔ ያየሁትንና በምላሴ የቀመስኩትን ነው... የሴቶቹን ስም ከመቀየር በቀር አንድም ነገር አልጨመርኩበትም።

ሐምሌ ነው። ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ።

እዚህ በዓለም ደቡብ ጫፍ ባለችው ፑንታ አሬናስ በዚያ ሰዓት ከተማው ጨልሟል። ከባሕሩ የሚመጣው ነፋስ የቤቱን ቆርቆሮ ጣሪያ ሁሉ ያንኳኳል። ይህ ነፋስ ውጪ ምንም እንዲበቅል ስለማይፈቅድ፣ ቲማቲምም ሆነ ቃሪያ የፈለገ ሰው ቤቱ ውስጥ መብራት ሰቅሎ ነው የሚያሳድገው። እኔ መብራቱንና ማዳበሪያውን የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ እሠራለሁ። ቅጠል ሲታመምባቸው ይጠሩኛል።

ያን ቀን የጠራችኝ ኔልዳ ናት።

ባሏ ሁቬናል ሸርጣን አጥማጅ ነበር። ግንቦት ላይ እሱና ጓደኞቹ የነበሩበት ጀልባ ሰጠመ። የጓደኞቹ አስከሬን ተገኘ፣ የእሱ ግን አልተገኘም። ከዚያ ወዲህ ኔልዳና አማቷ የሚኖሩት ኔልዳ ለምግብ ቤቶች በምትሸጠው ቃሪያ ነው።

"ቅጠሉ እየተጠቀለለብኝ ነው" አለችኝ በስልክ። ድምጿን ዝቅ አድርጋ... አጠገቧ የሚሰማት ሰው ያለ ይመስል።

ስደርስ አማቷ ዶኛ ኦርቴንሲያ ማድ ቤት ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ማቴ የሚሉትን ትኩስ የቅጠል መጠጥ ትጠጣለች። በጣም ትንሽዬ ሴት ናት። ወንበር ላይ ስትቀመጥ እግሯ መሬት አይነካም። ሰላም ስላት ፊቷን ሳታዞር ራሷን ነቀነቀችልኝ።

የቃሪያዎቹ ክፍል ከማድ ቤቱ ጀርባ ነው። መስኮት የለውም። በሩም አንድ ብቻ ነው። ሁቬናል በገዛ እጁ ነው የሠራላት። በግራና በቀኝ ሰው የሚያህሉ ቃሪያዎች ተደርድረዋል፣ መሐል ለመሐል ጠባብ መተላለፊያ አለ። የለካው በእሷ ሰውነት ነበር። እሱ ራሱ ሲገባ በጎኑ ነበር የሚያልፈው፣ ብላ ኔልዳ ትንሽ ፈገግ አለች።

ሥራዬን ጀመርኩ።

ናይትሮጅን ሲበዛ ቅጠሉ ይጠቁርና ጫፉ እንደ ጥፍር ወደ ታች ይታጠፋል። ይሄ አልጠቆረም።

ብረት ሲያንስ አዲሱ ቅጠል ጅማቱ አረንጓዴ ሆኖ መሐሉ ይገረጣል። ይሄ አልገረጣም።

የመብራቱ ሙቀት እንዳልል፣ መጀመሪያ የሚጎዳው ለመብራቱ የቀረበው ነው። ላይኛው ቅጠል ግን ጤነኛ ነበር። ተባይም በማጉያ መነጽር ፈለግሁ። ምንም የለም።

ቅጠሎቹ ጠርዛቸው እሳት እንደላሰው ወረቀት ቡናማ ሆኗል። ወደ ውስጥ ተጠቅልለዋል።

ይሄን አውቀዋለሁ። ጨው ነው። ማዳበሪያ ሲበዛ አፈሩ ውስጥ ጨው ይቀራል፣ ሥሩ ውኃ መሳብ ያቅተዋል። ቃሪያዎቹ ከተተከሉባቸው ማሰሮዎች ሥር የሚንጠባጠበውን ውኃ ለካሁ።

ንጹሕ ነው።

ግራ ገባኝ። አንድ ቅጠል ቀነጠስኩና በምላሴ ነካ አደረግሁት።

ጨው... የባሕር ጨው።

"ቅጠሉን በምንድን ነው የምትረጪው?"

"በምንም።"

ያኔ ነው ወደ በሩ ተመልሼ ሁሉንም አንድ ላይ ያየሁት። ምነው ባላየሁት።

የተጎዱት ወደ መተላለፊያው የዞሩት ቅጠሎች ብቻ ናቸው። በግራም በቀኝም። በግድግዳው በኩል ያሉት ጤነኛ ናቸው። ጉዳቱ ከወገቤ ይጀምርና ከራሴ ትንሽ ዝቅ ብሎ ያበቃል። ካፖርቱ የራሰ ትከሻ ሰፊ ሰው በዚያ ጥበት ቢያልፍ... ልክ እንደዚያ ነው የሚነካቸው።

በጣም የተቃጠሉት ደግሞ መጨረሻ ላይ፣ በር የሌለው ግድግዳ ጋ ያሉት ናቸው። ወደ በሩ ሲቀርብ ጉዳቱ እየቀነሰ ይመጣና መሐል ላይ ይቆማል።

ኔልዳ ዓይኔን ተከትላ ታይ ነበር።

"ባለፈው ሳምንት ግድግዳው ጋ ብቻ ነበር" አለችኝ በሹክሹክታ።

ቀጥላ ጆሮዬ ሥር ተጠግታ አማቷን እንደምትጠረጥር ነገረችኝ። ዶኛ ኦርቴንሲያ ልጄ አልሞተም ብላ የሙት ጸሎት እንዳይደረግለት ከልክላለች። ሐዘን ራሷን አዙሯት ይሆናል፣ የባሕር ውኃ እየቀዳች ትረጭ ይሆናል፣ አለች። እኔም ይሄንኑ ማመን ፈለግሁ። ግን ያቺ ሴት እጇን ሰቅላ እንኳ እኔ ትከሻ ላይ አትደርስም። ይህን ለኔልዳ አልነገርኳትም።

ቅጠሎቹን አንድ በአንድ በንጹሕ ውኃ አጠብን። የማይድኑትን ቆረጥን። በሩን ቆለፍንና ያለችውን አንዲት ቁልፍ እኔ ይዣት ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በማግሥቱ ሥራ ስጨርስ ተመለስኩ።

ማድ ቤቱን ሳልፍ ዶኛ ኦርቴንሲያ እጄን ያዘችኝ። አልተቆጣችም። ድምጿ ልጅ እንደምታስተኛ እናት ነበር።

"ቁልፉን ባትወስጂው ደግ ነበር፣ ልጄ። በሩን ሲገፋው አደረ።"

ኔልዳ ሰምታለች። ፊቷ ነጣ። እኔም በሩን ከፈትኩት።

መብራቱ እንደበራ ነው። ማራገቢያው ይዞራል። በሩ ሥር ወለሉ ላይ ውኃ አቁሯል።

ትናንት ያጠብናቸው ቅጠሎች... ከግድግዳው አንሥቶ እስከ በሩ ድረስ ሁሉም ተጠቅልለዋል።

በሩን ከውስጥ በኩል አየሁት። ቀለሙ አብጦ ተልጧል። ከእኔ ትከሻ ከፍ ብሎ፣ ሰው ተደግፎት እንዳደረ ዓይነት።

 ኔልዳ አንድ የደረቀ ቅጠል ቀጥፋ በመዳፏ ያዘች።

"ምንድን ነው የሚሻለው?" አለችኝ።

ስለ ቃሪያው ትጠይቀኝ፣ ስለ ሌላው፣ አላወቅሁም።

"ከዚህ ቤት መውጣት" አልኳት።

ተስፋ ያላቸውን ማሰሮዎች እየተሸከምን መኪናዬ ውስጥ ጫንን። ኔልዳ ልብሷን ሰበሰበች። እህቷ ከባሕሩ ማዶ ፖርቬኒር ናት፣ እዚያ ለመሄድ ወሰነች። አማቷን አብራት እንድትሄድ ተንበርክካ ለመነቻት። አሮጊቷ የኔልዳን ፀጉር ደባበሰችና እምቢ አለች።

"እኔ ከሄድኩ ማን ይከፍትለታል?"

ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። ስንወጣ አሮጊቷ አነሣችው።

ቃሪያዎቹ እኔ የምሠራበት ሱቅ ውስጥ አገገሙ። አዲስ የወጣው ቅጠል ሁሉ ለጥ ያለ፣ የሚያበራ አረንጓዴ ሆነ። ይህን ለኔልዳ ስነግራት ደስ አላት፣ ግን መልሺልኝ አላለችም። ሸጬ ገንዘቡን ላክሁላት።

መስከረም ላይ ደወለች። አማቷ ስልክ አታነሣም፣ የደም ግፊት መድኃኒቷም አልቆ ይሆናል፣ እባክሽ አድርሺልኝ አለች።

እምቢ ማለት አልቻልኩም። ጠራራ ፀሐይ ስለሆነ ነው የደፈርኩት።

በሩ ገርበብ ብሏል። ማድ ቤቱ በብርሃን ተሞልቷል። ዶኛ ኦርቴንሲያ ትንሽ በርጩማ ላይ ቆማለች፣ ጀርባዋን ሰጥታኛለች። ፊት ለፊቷ ወንበር አለ። የወንበሩ መደገፊያ ላይ ፎጣ ተጥሏል፣ ፎጣው ርሶ ይንጠባጠባል።

ወንበሩ ላይ ማንም የለም።

እሷ ግን መቀስ ይዛለች። በወንበሩ ዙሪያ ወለሉ ላይ ረጃጅም ፀጉር ተበትኗል። ጥቁር... እርጥብ። የእሷ ፀጉር እንደ ጥጥ ነጭ ነው።

"ግቢ፣ ልጄ" አለችኝ ሳትዞር። "ልጨርስለት ነው። በጣም ረዝሞበት ነበር።"

መድኃኒቱን እንደያዝኩ ደጃፉ ላይ ቆምኩ።

ግራ እጇን አየሩ ላይ አሳረፈች፣ ራስ እንደምታቃና አድርጋ... መቀሱ ቀጭ አለ።

ሌላ እርጥብ ፀጉር ወለሉ ላይ ወደቀ።